በአዳራሹ ስላንቺ የተናገርኩት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን እንዴት ያደርግሻል? ባለፈው ክረምት የጀመረሽ የእጅ አንጓ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም በጨርቅ አስረሽው ነው የምትውይው? አባባስ እንደምን ነው? ምግብ ይወስዳል? ፀሐይ ያገኛል? አክስታችንስ ጉልበታቸው እሺ ብሏቸው ከጓዳ እስከ ደጅ ይመላለሳሉ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል ማለቴ ነው። የቀረውን ልነግርሽ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

ሁለት ወር ሙሉ ካንቺ ደብዳቤ አልመጣልኝም። ድሮ በየሦስት ሳምንቱ ይደርሰኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ስልክ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያነሱት አክስታችን ናቸው። በመጀመሪያው «አባትህን እያጠበች ነው» አሉኝ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ግን «እኛ ቤት ሬዲዮ የለም መሰለህ?» ብለው ዘጉብኝ። ስልኩን ይዤ መንገድ ዳር ደርቄ ቀረሁ። አንድ ሰውዬ «ወንድም፣ አሳልፈኝ» ብሎ እስኪገፋኝ ድረስ እግሬ አልተነቃነቀም።

ሰምተሽኛል ማለት ነው። ከሰማሽው ውስጥ ውሸቱ የቱ እንደሆነ አንቺ ከማንም ይልቅ ታውቂዋለሽ። እንደዚያ ያለ ነገር እንዴት ከአፌ እንደወጣና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን ሬዲዮው አልነገረሽም። እንድታዝኚልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። በሬዲዮ የሰማሽውን ከኔም እንድትሰሚው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በማስተምርበት ማሠልጠኛ የዘንድሮ ወሬ ሁሉ ስለ አዲሱ የሥራ ዝግጁነትና ተሳትፎ አዋጅ ነበር። ምክር ቤቱ ያረቀቀው ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራ ፈላጊው ሥራ የሚያስገኝ ሙያ ይማር፣ አሠሪው ሠልጣኞችን ተቀብሎ በሥራ ላይ ያለማምድ፣ ከሥራ ርቆ የቆየ ሰውም መመለሻ በር ይከፈትለት ይላል። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ቤት ውስጥ በሽተኛ ሲያስታምሙ ስለኖሩ ሰዎች ነው። ያስታመሙበት ዘመን እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርላቸዋል፤ ያለ ውድድር ማሠልጠኛ ይገባሉ፤ እነሱ ትምህርት ላይ በሚሆኑበት ሰዓት በሽተኛውን የሚጠብቅ ተተኪ ሰው ይላክላቸዋል ይላል። እታለም፣ ይህ አንቀጽ ስላንቺ የተጻፈ ነው። ስምሽ ብቻ ነው የጎደለው። ሦስት ጊዜ አንብቤው አንድም ጊዜ ትዝ አላልሽኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው። ትዝ ብለሽኛል። ትዝ ስላልሽኝ ነው ገጹን ቶሎ የገለጥኩት።

ዳይሬክተራችን አንቀጹን አልወደዱትም። ክፍሎቻችን ጠባብ ናቸው፤ ከሃያ አራቱ የስፌት መኪኖቻችን የሚሠሩት አሥራ አንዱ ናቸው። ትልልቅ ሴቶች ገብተው መሃል ላይ ቢያቋርጡ ደግሞ አሠልጥነን ሥራ አስያዝን የምንላቸው ሰዎች ቁጥር ይወርድብናል ብለው ይሰጋሉ። ሕጉ ገና ሳይጸድቅ ለሙከራ ተብለው ስድስት ሴቶች ተልከውልን ነበር፤ እሳቸው የሚያወሩት ስለነሱ ብቻ ሆነ።

ከስድስቱ አንዷ እኔ ክፍል ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል፤ እጃቸው ለመርፌ ጥሩ ነው። ሠልጣኞቹ «እማማ ሰዓት» ብለው ስም አወጡላቸው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳያዩ አንድ መስመር ሰፍተው አይጨርሱም ነበርና። ለእረፍት ሲወጡ ደግሞ ሁልጊዜ አርፍደው፣ ላብ በላብ ሆነው ነው የሚመለሱት። ትምህርቱ የሰለቻቸው መሰለኝ። አንድ ቀን «እማማ፣ ሰዓቱ የትም አይሸሽም፤ የሚሸሽዎት ኮሌታው ነው» ብላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ኮሌታውን ፈተው ሰፉት። ሰው ማሳቅ እንዴት እንደምወድ ታውቂያለሽ። የሰው ሳቅ ያሰክረኛል።

የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን ሲደርስ ዳይሬክተሩ ቢሮአቸው ጠሩኝ። «አንተ አንደበትህ የተፈታ ነው። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ከረቂቁ እንዲሰረዝ ተናገርልን» አሉኝ። የስፌት ክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት እንደሆነ የነገሩኝ በዚያው ንግግር መሃል ነው። አንዱን ስጥና ሌላውን ውሰድ አላሉኝም፤ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ፣ እኔም ገባኝ።

ራሴ የሰፋሁትን ኮት ለብሼ ሄድኩ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ኮሚቴው ከፍ ያለ ጠረጴዛ ኋላ ተደርድሯል፣ ተናጋሪው ታች ማይክሮፎን ፊት ይቆማል። የዕለቱን ንግግር ሬዲዮ ያስተላልፋል ተባለ። በመጀመሪያ ዳይሬክተሩ የሰጡኝን ወረቀት አነበብኩ። ማንም አልሰማኝም፤ አንዱ አባል ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው ያዛጋል። ከዚያ ሰብሳቢው አቋረጡኝና «ወረቀቱን ተወውና፣ ከቤቱ መውጣት የማይፈልግ ሰው በቅርብ የምታውቀው አለ?» አሉኝ።

አለ አልኩ። እህቴ ናት አልኩ። ተምራለች፣ ሥራ ተጠርታ ነበር፣ አልሄደችም፤ ቤት መቀመጥ ልማድ ሲሆን እንዲህ ነው አልኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ስልኩን የሚነካካውም ስልኩን አስቀመጠ። ያኔ ነው እንግዲህ የሰማሽው ቀልድ የመጣልኝ፤ «አሥራ ሁለት ዓመት ከመቀመጧ የተነሣ ወንበሩ ጡረታ ወጣ፤ እሷ ግን ገና ሥራ አልጀመረችም» አልኩ።

ሳቁን በሬዲዮ ሰምተሽዋል። እኔ መሃሉ ቆሜ ነበር። እንደ ሞቀ ውሃ ነው ላዬ ላይ የወረደው። ደስ አለኝ፣ እታለም። ይህንን አልደብቅሽም፤ ከተናገርኩት ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ደስ ማለቱ ነው።

አባባ የወደቀበትን ሳምንት አልተናገርኩም። የሒሳብ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ለሥራ በተጠራሽ በአምስተኛው ቀን ግማሽ አካሉ እንደከዳው፣ ለመጀመሪያ የሥራ ቀንሽ ቀሚስ እንድሰፋልሽ የሰጠሽኝ ጨርቅ ሳይቆረጥ እንደቀረ አልተናገርኩም። በሩ ላይ ቆሜ «ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺኝ፤ ሙያዬን ልያዝና ተራዬን እመጣለሁ» እንዳልኩሽም አልተናገርኩም። ተራዬ ከደረሰ አሥር ዓመት ሞላው። የሰው አገር አይደለም ያለሁት፤ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለቴ ብቻ መጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንቺ ስታስተናግጂኝ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ተመለስኩ። ለራሴ «እሷ ቤቱን ትወደዋለች፤ ብትፈልግ ትወጣ ነበር» እያልኩ ነው የኖርኩት። ለዓመታት ለራሴ ስነግረው የኖርኩትን ነው ያን ቀን ለሕዝብ የነገርኩት።

አንቀጹ ከረቂቁ ተሰረዘ። ሰብሳቢው መግለጫ ሲሰጡ «አንድ አሠልጣኝ ከገዛ ቤቱ ምሳሌ አምጥቶ እንዳስረዳን» አሉ። ማሠልጠኛው ውስጥ ጀግና ሆንኩ። መምህራን ማረፊያ ስገባ «ለወንበሩ ቦታ ልቀቁ!» እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ስድስቱ ሴቶች ይሰናበቱ ብለው ወረቀት አወጡ። የክፍሌን ሠልጣኝ ወረቀት እኔው እንድሰጥ ሆነ። እማማ ሰዓት የሸሚዝ ኪስ እየሰፉ ነበር። አንብበው አጠፉት። ኪሱን ጨርሰው ክሩን ቆረጡ፣ መርፌውን ከፍ አደረጉ፣ ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅ አስገቡ፣ መኪናውን አጠፉ፤ ያስተማርኳቸውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ። አንገታቸው ላይ ያለውን ሜትር አውልቀው ጠቀለሉና «ይኼ የማሠልጠኛው ነው» ብለው እጄ ላይ አደረጉት። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህትህ ማንን ነው የምታስታምመው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ማስታመም የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር። «ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ እኮ። ወንበር እንድንሞላ ብለው ወስደውናል። ተምራ፣ ተጠርታ፣ ያልሄደች ሴት እጇን የያዛት ነገር አለ።»

«አባታችንን» አልኩ።

«አሥራ ሁለቱንም ዓመት?»

«አሥራ ሁለቱንም።»

«እኔ ዘጠኝ» አሉና ሰዓቱን አይተው ቦርሳቸውን አነሡ። አልተቆጡኝም። አንድ ጥፊ ቢያቀምሱኝ ይቀለኝ ነበር።

በኋላ አጠገባቸው ትሰፋ የነበረች ሠልጣኝ ነገረችኝ። ባላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ መኪናው ተገልብጦባቸው ከደረታቸው በታች ሰውነታቸው አይታዘዝላቸውም። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ገላቸው ይቆስላል። ለሙከራው የተላከችው ተተኪ ልጅ ደግሞ አዲስ ስለሆነች ማገላበጡን ትፈራለች፤ ስለዚህ እማማ በእረፍት ሰዓት ቤታቸው ድረስ ሮጠው፣ አገላብጠው፣ ሮጠው ይመለሱ ነበር። እኔ ደግሞ ኮሌታው ሸሸዎት እላለሁ።

ያን ሳምንት መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ሠልጣኞቹ «መምህር፣ መነጽር ያስፈልግሃል» አሉኝ። ሐሙስ ዕለት ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁና «ምክር ቤት የተናገርኩት ልክ አይደለም፤ ማስተካከል እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ወረቀት እየፈረሙ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የቱ ነው ልክ ያልሆነው?» አሉ።

«ሁሉም።»

«እህት የለህም?»

«አለችኝ።»

«ቤት አይደለችም?»

«ቤት ናት።»

«ታዲያ ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?» ብለው ሌላ ወረቀት ሳቡ።

ከዚያው ወጥቼ ምክር ቤቱ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ ረቂቁ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰማው ማክሰኞ መሆኑን ነግራኝ ስሜን ስትመዘግብ ብዕሯን አቆመች። «የወንበሩ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ? ባለቤቴን በሳቅ ገደልከው እኮ!» አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል፣ ማመስገኗ ነው። እኔ ነኝ አልኳት። ምን ልበላት ሌላ?

ሰኞ ከሥራ ስወጣ እማማ ሰዓት ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው በመስኮቱ በኩል፣ ከአልጋው በላይ ጣሪያው ላይ ገመድ ታስሯል፣ ባልየው በእጃቸው ይዘው ቀና እንዲሉበት። መድኃኒቶቹ መስኮቱ ላይ በየሰዓታቸው ተደርድረዋል። ቁጭ በል ሳልባል ቆሜ፣ ስላንቺ፣ ስለ አባባ፣ ስለ ተራዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስጨርስ ባልየው ጣሪያውን እያዩ «እንዴ፣ ይኼ ነው እንዴ ወንበሩ?» አሉ። እሳቸውም በሬዲዮ ሰምተውት ኖሯል። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። «ነገ እንደገና ልናገር ነው። እማማም ቢመጡ ብዬ ነው» አልኩ። እማማ «እሱን ለማን ጥዬ?» አሉ። ባልየው ግን «ሂጂ ባክሽ፤ እኔ እንደሆነ የትም አልሄድ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ጎረቤታቸው የሆኑ ጡረተኛ ሁለት ሰዓት ሊቀመጡላቸው ተስማሙ።

ማክሰኞ ኮቱን አልለበስኩም። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሜ ባለፈው ስለ እህቴ የተናገርኩት ሐሰት ነው አልኩ። እህቴ ሽባ የሆነ አባታችንን ስታስታምም ነው አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችው፤ የተጠራችበትን ሥራ የተወችው እኔ ተራዬን እመጣለሁ ብዬ ስላልመጣሁ ነው አልኩ። አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «ያኔ እንደዚያ፣ ዛሬ እንደዚህ። የትኛውን እንመንህ?» አሉኝ። «የዛሬውን። ዛሬ የሚያስቅ ነገር የለውም» አልኩ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ድሮ ነርስ ነበሩ። በደግ ድምፅ፣ ሊያግዙኝ ፈልገው ይመስለኛል፣ «እስቲ እህትህ በቀን ውስጥ ምን ምን እንደምትሠራ ንገረን» አሉኝ። ትመግበዋለች አልኩ። ታጥበዋለች አልኩ። ከዚያ አለቀብኝ። «በስንት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች?» «ሲውጥ ትን ይለዋል? ምግቡን ትፈጭለታለች?» «ቁስል ወጥቶበት ያውቃል?» አላውቅም አልኩ። «ማን ያግዛታል?» አሁንም አላውቅም። እታለም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የለመንኩት ያኔ ነው። ባለፈው ዋሽቼሽ አዋረድኩሽ፤ በዚህኛው እውነቱን ልናገር ቆሜ እውነቱን አላውቀውም። የመጨረሻ ልጅ ሆኜ ወንድ ነኝ ብዬ ስዞር፣ አባቴ እንዴት እንደሚውጥ አላውቅም። ነርሷ ጥያቄያቸውን አቁመው ወረቀታቸውን ማየት ጀመሩ፤ አዘኑልኝ።

ከኋላ «ይፈቀድልኝ» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ሰዓት ተነሥተው ነበር። ማይክሮፎኑ ቁመታቸውን በለጠ፤ እኔን ሳይጠብቁ በራሳቸው ዝቅ አደረጉት። ያሉትን እንዳስታወስኩት እጽፍልሻለሁ።

«እሱ የማያውቀውን እኔ ልንገራችሁ። በየሁለት ሰዓቱ ነው፣ ቀንም ሌሊትም። ትኩሳት መኖሩን ግንባሩን በከንፈሬ ነክቼ አውቃለሁ። አምስት ዓይነት መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ፤ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። ሳል ሲይዘው በየት በኩል እንደሚደገፍ ሐኪሙ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ሲያመው ይሰድበኛል፤ አልመልስም። ቀርቼ አላውቅም። አርፍጄ አላውቅም።» እዚህ ላይ ወደኔ ዞር አሉና «ከትምህርት ቤት በቀር» አሉ፤ ጥቂት ሰው ሳቀ፣ ደግ ሳቅ ነበር። «አሠሪዎቹ ሰዓት የሚያከብር፣ የማይቀር፣ ተሰድቦ የማይቆጣ ሰው አጣን ሲሉ ሰማሁ። ለሥራ ዝግጁ አይደላችሁም የምትሉን ከኛ ውጭ ማንን አይታችሁ ነው?» ብለው ሰዓቱን አዩና፣ መልስ ሳይጠብቁ፣ ባላቸውን ለማገላበጥ ወጡ።

ሕጉ በማግስቱ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ተመልሷል፤ ሙሉው ግን አይደለም። ያስታመሙበት ዘመን ይቆጠራል፣ ያለ ውድድርም ይገባሉ። ተተኪ ሰው ይላካል የሚለው «በጀት ሲፈቅድ» ተብሎ ታሰረ። ከስድስቱ ሴቶች አራቱ ተመለሱ፤ ሁለቱ በሽተኛቸውን የሚተዉለት ሰው አጥተው ቀሩ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያንን ባልናገር ኖሮ ሙሉው ያልፍ ነበር ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። እነዚያን ሁለቱን ሴቶች መልካቸውን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ ግን ከሐሳቤ አይጠፉም። ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ የክፍል ኃላፊነቱም ለሌላ ተሰጠ። አይቆጨኝም። የማክሰኞውን ሬዲዮው አላስተላለፈውም። የሚያስቅ ነገር አልነበረበትማ።

የነርሷ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። በሳምንቱ እማማ ሰዓት ቤት ተመልሼ «ያስተምሩኝ» አልኳቸው። «ምኑን?» አሉ። «ሰው ማገላበጥ» አልኩ። ባልየው ከአልጋው ላይ «በኔ ሊለማመድ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ግን ፈቀዱ። ከሥራ በኋላ፣ ገና ብርሃን እያለ፣ ስድስት ቀን ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን ትከሻቸውን ይዤ ስስብ «ጎማ አይደለሁም፣ አታንከባለኝ!» አሉኝ። በሁለተኛው «ጭነት ሲጫን መጀመሪያ ሚዛኑ ነው የሚታየው፤ ጉልበቴን አጥፈህ ዳሌዬን ያዝ» ብለው እሳቸው ራሳቸው መሪ ሆኑ። እማማ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ያዩኛል። እኔ ሠልጣኞችን ስፈትን የምናገረውን ቃል ይዘው «ገና ብቁ አልሆንክም፤ ነገ ትደግማለህ» ይሉኛል። በሽተኛ እንዴት እንደሚጎርስ፣ ትን እንዳይለው አገጩ እንዴት ዝቅ እንደሚደረግ፣ አንሶላ ሰው ተኝቶበት እንዴት እንደሚቀየር አሳዩኝ። ማጠብ ላይ ስንደርስ አፈርኩና ፊቴን አዞርኩ፤ ባልየው «አይዞህ፣ እኔም መጀመሪያ አፍሬ ነበር» አሉኝ። በስድስተኛው ቀን እማማ «አሁን ሰው ብትነካ አትሰብርም» አሉኝ። ብቁ ነህ ግን አላሉኝም።

እንግዲህ እታለም፣ ቃል አልገባልሽም። የኔ ቃል አንቺ ዘንድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሆነውን ብቻ ልንገርሽ። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ሠላሳ ቀን ተሰጥቶኛል፤ የአውቶቡስ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት እደርሳለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝ አልፈርድብሽም፤ በማግስቱ ደግሞ አንኳኳለሁ። ለእንግዳ ተብሎ ምንም እንዳይዘጋጅ። የምተኛው አባባ አጠገብ ነው። አዲሱ ሕግ እናንተ ከተማም ማሠልጠኛ ይከፈት ስለሚል ለአሠልጣኝነት አመልክቻለሁ፤ መልስ አልመጣም፣ ስለዚህ እንደሌለ ቁጠሪው።

የአንቀጽ አሥራ ዘጠኝን መመዝገቢያ ቅጽ አብሬ ልኬልሻለሁ። ብትፈልጊ ሙዪው፣ ብትፈልጊ እሳት አንድጂበት። ሥራ ትፈልጊ እንደሆነ፣ መማር ትፈልጊ እንደሆነ፣ ወይም ለአንድ ሳምንት ማንም ሳይጠራሽ መተኛት ብቻ ትፈልጊ እንደሆነ አላውቅም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን እየጠየቅሁሽ ነው። ሳትቸኩይ መልሺልኝ፤ ወይም ስመጣ ንገሪኝ፤ ወይም አትንገሪኝ። ይቅር በይኝ ለማለት ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ እዚያ ሳልደርስ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላሳርፍሽ ይቅርታ መለመን ዓይን አውጣነት ስለመሰለኝ ተውኩት።

አክስታችንን ሰላም በይልኝ። ስልኩን ስለዘጉብኝ ቅር እንዳላለኝ ንገሪያቸው፤ ደግ አደረጉ፣ ባይዘጉብኝ አሁንም ቀልድ እነግራቸው ነበር። የፊት ክፍሉን የተከራየችውን መምህርት ሰላም በያት፤ ሬዲዮው የእሷ መሰለኝ፣ ስለኔ አፍረሽ እንደነበር ይገባኛል። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችንን ከልቤ አመስግኚልኝ። አባባን ተሸክሞ ፀሐይ ላይ የሚያወጣልሽ እሱ መሆኑን የድሮ ደብዳቤዎችሽን መልሼ ሳነብ አገኘሁት፤ ማን ያግዛታል ሲሉኝ የሱን ስም መጥራት ነበረብኝ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ከወደቀ ወዲህ አንዱ ጆሮው እንደማይሰማ ጽፈሽልኝ ነበር። የቀኙ ይሁን የግራው ጠፋብኝ፤ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ፈትሼ አላገኘሁትም። ሰላምታዬን በሚሰማው በኩል ንገሪልኝ፤ ስመጣም በየትኛው ጎኑ እንደምቀመጥ አሳዪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከማሠልጠኛው ግቢ፣ ከስፌት ክፍል
ሐሙስ፣ ግንቦት 12